በሳጉሬ ደጋ ለውጭ የደኅንነት ካሜራ ገመድ የሚስማማ መከላከያ ቱቦ
ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሳጉሬ የካሜራ ገመድ መከላከያ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚታሰበው ዝናብ ነው። ቱቦውን ቀድሞ የሚጎዳው ግን ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ ለቤት ውስጥ የተሠራ ነጭ ፒቪሲ በጊዜ ሂደት ደርቆ ይሰነጠቃል። ርዝመቱም አይጸናም፤ 10 ሜትር ፒቪሲ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲለወጥ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ወይም ስለሚያጥር መጋጠሚያው ይላቀቃል።

በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ጥቁር የፖሊኤትሊን የውሃ ቱቦ፣ ጥቁረቱ ከካርበን የመጣ በመሆኑ ጨረሩን ይቋቋማል፤ ሳይወጠር ከተዘረጋም መለጠጡ አያሳስብም። እሳት በቀላሉ ስለሚይዘው ግን ለኃይል መስመር አይመከርም።

ጫፎቹን በሲሊኮን መድፈን ብቻውን አይበቃም። ሌሊት በውስጡ የታመቀው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውሃ ስለሚለወጥ፣ በቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ትንሽ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ መተው ይገባል።