ሂስ ሥራን ያቃናል እንጂ ሰውን አይሰብርም

ሂስ ማለት በሥራ ላይ የታየን ጉድለት ከነምክንያቱ ለይቶ ማሳየትና የሚታረምበትን መንገድ መጠቆም ነው። ዓላማው ሥራውን ማቃናት ነው። ይህ ዓላማ ሲዘነጋ ሂስ መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የሀገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ «ሂስና ግለ ሂስ» የስብሰባ መፈክር ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በየቀበሌው የተካሄደው የማጋለጥ ስብሰባ ብዙዎችን ለእስርና ለሞት ዳርጓል። በስብሰባ የተነገረ ቃል ሕይወት ሲያስከፍል ያዩ ብዙዎች ዝምታን መረጡ። ዝምታው ግን ጉድለትን አያስወግድም፤ ከአዳራሽ አውጥቶ ለሐሜት ያስረክበዋል እንጂ።

በአንጻሩ የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ ከዚህ የቀደመ የራሱ ልምድ አለው። ኦዳ ቡልቱም የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ ታሪካዊ የገዳ ማዕከል ነው። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ በሚተላለፍበት በገዳ ሥርዓት የመሪ ሥራ በጉባዔ ይመዘናል፤ ከሕግ የወጣም ከሥልጣኑ ሊነሳ ይችላል። መመዘኛው ሁሉም የሚያውቀው ሕግ እንጂ የተናጋሪው ቁጣ አይደለም።

ይህ መርህ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ ለሚደረግ የሰፈር ስብሰባ ያገለግላል። ለምሳሌ የቦኖ ውሃ ዘግይቶ ይከፈታል እንበል። ተቆጣጣሪውን «ሰነፍ ነህ» ማለት ስድብ ነው፤ የሚታረም ነገር አያመለክትም። «በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ተከፈተ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?» ቢባል ግን መልስ ይገኛል። ምናልባት ቁልፉ የሚቀመጠው ዘግይቶ በሚከፈት ቢሮ ይሆናል። ያን ጊዜ መታረም ያለበት የቁልፉ አያያዝ እንጂ የሰውየው ጠባይ አይደለም።

ስለሆነም ሂስ አቅራቢ የሆነውን በቀንና በቦታ ይግለጽ፤ ምክንያቱን ይጠይቅ፤ መፍትሔ ይጠቁም። ጊዜውንም አያሳልፍ፤ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ነውና። ተቀባዩም ማን ተናገረ ከማለት ይልቅ ምን ተባለ ይበል። ሰብሳቢውም የተወሰነው መፈጸሙን በሚቀጥለው ስብሰባ ያረጋግጥ።

ከሁሉም በላይ ዛሬ የተናገረ ሰው ነገ እንዳይጎዳ መጠበቅ የማኅበሩ አባላት ሁሉ ግዴታ ነው። ያለዚህ ዋስትና እውነተኛ ሂስ አይኖርም!