ድንጋዩ ላይ የተገኘው ስመ ሥላሴ

በሽንዲ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ጅራፉን ከማንሳቱ በፊት ያማትባል። እናት ሊጥ ስታቦካ፣ ልጅ ሲተኛ፣ የወምበርማን በርበሬ ጭኖ ወደ ቡሬ የሚነሳው ሾፌርም መሪውን ሲጨብጥ የሚሉት አንድ ነው፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። እኔም አፌን የፈታሁት በዚሁ ቃል ነው። በአገራችን ከመቼ ጀምሮ እንደተጻፈ የጠየቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ጥያቄው አክሱም ድረስ ወሰደኝ።

እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራ የጀርመን ቡድን የአክሱምን ጽሑፎች ገለበጠ፤ ሥራውም በ1913 ታተመ። በውስጡ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ንጉሥ ኢዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ማሕረም በግሪኩ አሬስ የተባለው የጦርነት አምላክ ነው። ስለ ኖባ ዘመቻ በሚናገረው የግዕዝ ጽሑፍ ላይ ግን ማሕረም የለም፤ ድሉ የተገኘው በእግዚአ ሰማይ ኃይል ነው። የክርስቶስ ስም አልተጠራም፤ ሥላሴም አልተነሣም። ታዲያ ንጉሡ ክርስቲያን ነበር ወይስ በአንድ አምላክ ብቻ ያመነ ሰው?

ገንዘቡ የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። በቀደሙት ሳንቲሞቹ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ቀርተው በኋለኞቹ ላይ መስቀል ገብቷል። ይሁን እንጂ መስቀል ብቻውን ስለ ወልድና ስለ አብ ምን እንደታመነ አይናገርም።

በዚያ ዘመን ደግሞ ክርክሩ በዚሁ ላይ ነበር። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው ወስነዋል። ይህን ትምህርት ይጠብቅ የነበረው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመውም እሱ ነው። በ356 ገደማ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሣይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ወንበር በተተካው ጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። የሥላሴ ክርክር አክሱም ቤተ መንግሥት ደጃፍ ደርሶ ነበር ማለት ነው። አክሱም በራሷ አንደበት ምን ብላ ይሆን?

መልሱ መሬት ውስጥ ቆይቶ በ1969 ወጣ። አክሱም ውስጥ በሁለት ገጹ የተጻፈበት ድንጋይ ተገኘ፤ አንዱ ገጽ ግሪክ ነው። በዓመቱ ፍራንሲስ አንፍሬ፣ አንድሬ ካኮና ፒየር ኖታን አሳተሙት። ንጉሡ ያው ኢዛና፣ ዘመቻውም ወደ ኖባ ነው። አከፋፈቱ ግን ሌላ ነው፤ ንጉሡ የሚጀምረው በእግዚአብሔር እምነትና በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ብሎ ነው። ራሱንም የክርስቶስ አገልጋይ ይላል። የማሕረም ልጅ የነበረው ሰው የማን እንደሆነ በገዛ ቃሉ ተናገረ።

ሁለቱ ድንጋዮች ለምን ተለያዩ? አንዳንድ ሊቃውንት በአንባቢው ምክንያት ነው ብለዋል፤ ግሪኩን የሚያነቡት የሥላሴን ስም የሚያውቁ እንግዶች ናቸው፣ የአገሬው ሰው ግን ቀስ በቀስ መማር ነበረበት። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ እምነት በአንድ ጀንበር ሕዝብ ውስጥ አይገባም። ከንጉሡ በኋላ መተርጉማን መጡ፤ መጽሐፈ ቄርሎስ በአክሱም ዘመን ከግሪክ፣ ሃይማኖተ አበው ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሱ። መምህራንም ምሥጢሩን ለገበሬ ልጅ በሚገባ ምሳሌ አቀረቡት፦ ፀሐይ አንዲት ናት፤ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አላት። ሰውም በልቡ ያስባል፣ በቃሉ ይናገራል፣ በእስትንፋሱ ይኖራል።

አሁን በሽንዲ ማለዳ ገበሬው ሲያማትብ ስሰማ ያ ድንጋይ ይታየኛል። ንጉሡ ለእንግዳ አንባቢ በግሪክ ያስቀረጸውን ስም እሱ ለበሬዎቹና ለእርሻው በግዕዝ ይጠራዋል።