የጎማ ንፋስና የድንጋይ መንገድ፦ “በተፈጥሮው ነው” ለምንል ሰዎች

ከካልጋሪ፣ ካናዳ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ በመጣ ቁጥር በከተማችን በካልጋሪ ሐበሻ ተሰብስቦ ቡና በሚጠጣበት ቤት ሁሉ የሚነሳና ሳይቋጭ የሚያድር አንድ ክርክር ነው። ክርክሩ የፖለቲካ አይደለም፤ ቢሆንማ ኖሮ ምን አዲስ ነገር አለው! የብስክሌት ነው። በቤልጂግና በሰሜን ፈረንሳይ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ የሚካሄዱትን ውድድሮች ይመለከታል። በእኛና በእነሱ መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት ስላለ እነሱ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሱት ውድድር ለእኛ እሑድ ጠዋት ይደርሳል። ስለዚህም ከሌሊት ሥራ የወጣው ታክሲ ነጂ ሳይተኛ፣ ከቅዳሴ የተመለሰውም ነጠላውን ሳያወልቅ ይከራከራል።

ተከራካሪው በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን “ይሄ ዕድል ነው፤ ጎማው ያልፈነዳበት ያሸንፋል” ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ “ተፈጥሮ ነው፤ የደጋ ልጅ ሳንባው ሌላ ነው” ባይ ነው። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘላሉ፤ እርሱም ሙያው ነው። የድንጋይ መንገድ ውድድር ሊነበብ፣ ሊጠናና ሊማሩት የሚቻል ጥበብ ነው። ይህንን ማወቅ ደግሞ ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችን አስተዳደግም ይጠቅማል የሚል እምነት ስላለኝ እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮብልስቶን እንጀምር

ኮብልስቶን ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጀርመኖች ድጋፍ ተጀምሮ በየከተማው የተስፋፋው ድንጋይ የመጥረብና የማንጠፍ ሥራ ብዙ ወጣት አብልቷል። ዲግሪውን ይዞ መዶሻ የጨበጠውም ጥቂት ስላልሆነ ቃሉ ራሱ የቀልድም የምሬትም ምንጭ ሆኖ ኖሯል።

ይሁን እንጂ የእኛ ኮብልስቶን ትንንሽ ሆኖ የተጠረበና ተስተካክሎ የተነጠፈ ነው። በ1896 የተጀመረው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር የሚያልፍበት ድንጋይ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው የገጠር የእርሻ መንገድ ሲሆን ድንጋዩ ትልልቅ፣ ጠርዙ የተበላ፣ መካከሉ እንደ አህያ ጀርባ ያበጠ፣ ግራና ቀኙን ጋሪና ትራክተር ያጎደጎደው ነው። የወንዶቹ ውድድር ወደ 260 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 55 ኪሎ ሜትር ያህሉ ድንጋይ ነው፤ እርሱም ወደ 30 በሚጠጉ ቁርጥራጭ መንገዶች የተከፋፈለ ነው። በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው የአረንበርግ ጫካ መንገድ ብቻውን ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚህ ሁሉ ኮረኮንች ላይ ሆላንዳዊው ማቲው ቫን ደር ፑል በ2024 ሲያሸንፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ47 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ካልጋሪ ውስጥ በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ለመኪና የተፈቀደው 40 መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ንፋስ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የብስክሌት ጎማ ጠንከር ተደርጎ ከተነፋ ይፈጥናል የሚለው እምነት ለረጅም ዘመን የባለሙያዎቹም እምነት ነበር። ለጥ ባለ ወለል ላይ እውነትነት አለው። በድንጋይ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የደረቀ ጎማ ድንጋዩን ሲመታ ብስክሌቱንም ሰውየውንም ወደ ላይ ያነሳቸዋል። ወደ ፊት ሊገፋ የሚገባው ጉልበት ወደ ላይ በመዝለልና በመንቀጥቀጥ ይባክናል፤ የቀረውን ደግሞ የተወዳዳሪው ሥጋና ጡንቻ ይውጠዋል። ለስለስ ያለ ጎማ ግን ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፤ ብስክሌቱ አይዘልም፤ ጎማውም መሬት ስለማይለቅ በመታጠፊያ ላይ ይይዛል።

እንግዲያው ንፋሱን ዝም ብሎ መቀነስ ነው? አይደለም። ከልክ በላይ ከተቀነሰ የድንጋዩ ጠርዝ ጎማውን ከብረቱ ወይም ከካርቦኑ ክብ ጋር አጣብቆ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ልክ በሁለት አደጋዎች መካከል ያለች ጠባብ መተላለፊያ ናት፤ እርሷም እንደ ሰውየው ክብደት፣ እንደ ጎማው ስፋትና እንደ ዝናቡ ትለያያለች። ድሮ በአስፋልት ላይ 23 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ እስከ 7 እና 8 ባር ይነፋ ነበር። ዛሬ ለሩቤ 30 እና 32 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያም በላይ የሚሰፋ ጎማ፣ ከውስጡ ሌላ ጎማ ሳይኖረው ትንሽ ቀዳዳን ራሱ በሚደፍን ፈሳሽ ተሞልቶ፣ በዚያ ግማሽ ገደማ ንፋስ ይሮጣል። በ2023 አንዳንድ ቡድኖች እየነዱ ንፋሱን የሚቀንሱበትና የሚጨምሩበት መሣሪያ እስከ መግጠም ደርሰዋል።

ሁሉም ብልሃት ግን አይሠራም። ፈረንሳዊው ዢልቤር ዱክሎ ላሳል በ1992 እና በ1993 ሩቤን ያሸነፈው የፊት ጎማው ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት መንጠሪያ አስገጥሞ ነበር፤ ነገር ግን ክብደቱ ከጥቅሙ ስለበለጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋሽኑ አለፈ። የእኛው ካናዳዊ ስቲቭ ባወርም በ1993 ኮርቻው ወደ ኋላ የተለጠጠ እንግዳ ብስክሌት ይዞ ቀርቦ አልሠራለትም። በ2006 ደግሞ የአሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ ብስክሌት መሪውን የተሸከመው ቱቦ በውድድሩ መካከል ተሰብሮ ጥሎታል። በድንጋይ ላይ ቀላልና የሚያምር ዕቃ ሳይሆን የሚጸና ዕቃ ይፈለጋል።

ስለ ቦታ

ሁለተኛው ምስጢር ቦታ መያዝ ነው። መቶ ሰባ ያህል ሰው አንድ መኪና ብቻ በምታሳልፍ መንገድ ውስጥ ሊገባ ሲጣደፍ አስቡት። ፊት ያለው ድንጋዩን እያየ መንገዱን ይመርጣል፤ ኋላ ያለው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ፊት ያለው ሲወድቅ ኋላ ያለው ይቆማል፤ አንዴ የቆመ ደግሞ ያንን ልዩነት ለመድፈን ጉልበቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ትልቁ ጦርነት የሚካሄደው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ከመጀመሩ በፊት ባለው አስፋልት ላይ ነው። ቡድኑ መሪውን ከፊት አድርሶ ለማስገባት የሚሰዋው እዚያ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2003 ፓሪስ ላይ ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ በ10,000 ሜትር ተከታትለው ሲገቡ ዙሩ እንዴት እንደከረረ፣ ማን ለማን እንደሠራ እያንዳንዳችን በቃላችን እንናገራለን። ያንን ስናይ ታክቲክ ነው ብለን የተነተንን ሰዎች ብስክሌት ላይ ስንደርስ “ሳንባ ነው” የምንለው ለምን ይሆን?

ሁለት ድሎች

እስቲ ሁለት ድሎችን እንመልከት። የመጀመሪያው መጋቢት 27 ቀን 2022 ቤልጂግ ውስጥ የተካሄደው ጌንት–ዌቨልገም ነው። የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ያን ጊዜ 21 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በሌላ የድንጋይ ውድድር አምስተኛ ወጥቶ ነበርና ቀድሞ ባልታቀደለት በዚህ ውድድር እንዲሳተፍ ተወሰነ። ኬመልበርግ የሚባለው ቀጥ ያለ የድንጋይ ዳገት ካለፈ በኋላ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀር ከላፖርት፣ ከቫን ጌስቴልና ከስታይቨን ጋር ሆኖ ዋናውን ስብስብ ጥሎ ሄደ። ከኋላ ያሉት “አንተ ጎትት፣ አንተ ጎትት” ሲባባሉ አራቱ ተባብረው ሠሩ። መጨረሻ ላይ ሌሎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ቢንያም ከሩቅ ቀድሞ ተፈተለከ። ላፖርት ሊደርስበት ቢታገልም መንገዱ አለቀበት። ከእነዚህ ትልልቅ የድንጋይ መንገድ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ይህ ሳንባ ብቻ ነው? ልጁ በ2018 ስዊዘርላንድ ወደሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማሠልጠኛ ማዕከል ገብቶ ተምሯል፤ በ2021 በዓለም ሻምፒዮና ከ23 ዓመት በታች ሁለተኛ ወጥቷል። የተማረውን ነው የሠራው።

ሁለተኛው ድል የጎረቤታችን ነው። ከካልጋሪ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከኤድመንተንም ወዲያ ቨርሚሊየን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዚያ አካባቢ የገበሬ ልጅ አሊሰን ጃክሰን በ2023 የሴቶቹን ፓሪስ–ሩቤ አሸነፈች። ከካናዳ፣ ከወንድም ከሴትም፣ እርሷን የቀደመ የለም። ስቲቭ ባወር በ1990 በፎቶ በተለየች ቅንጣት ሁለተኛ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ጃክሰን ከተወዳጆቹ ጋር ብትጠብቅ ኖሮ ማንም ዕድል የሚሰጣት አልነበረም። እርሷ ግን ድንጋዩ ገና ሳይጀምር ከወጡት ጋር ወጣች። ከኋላ ታላላቆቹ ተያዩ፤ በጭቃው ድንጋይ ላይ ኤሊሳ ሎንጎ ቦርጊኒ ወድቃ ሌሎችንም አደናቀፈች። ፊት ያሉት ግን መንገዳቸው ክፍት ነበር። በጥቂት ሰከንዶች ተርፈው ሩቤ ስታዲየም ሲገቡ የመጨረሻውን ፍትጊያ ጃክሰን ወሰደችው። ቨርሚሊየን እንደሆነ ሜዳ ነው፤ ደጋ ነው ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

ዕድል የለም አልልም። በ2023 የወንዶቹ ውድድር ዋውት ቫን አርት ከቫን ደር ፑል ጋር ለድል ሲፋለም ወሳኙ ድንጋይ ላይ ጎማው ተንፍሶበታል። ነገር ግን ዕድል እኩል የሚያገኘው እኩል የተዘጋጁትን ነው።

ስለ እኛ

ይህንን ሁሉ የምዘረዝረው ለምንድን ነው? አንድ የማውቀው አባት እዚሁ ካልጋሪ የ15 ዓመት ልጁን ለብስክሌት ቡድን አስመዘገበ። ልጁ መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበር፤ “በደምህ ነው” እያሉ አሞገሱት። በኋላ በኮረኮንች መንገድ ላይ በሚደረጉ ውድድሮች ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምር አባትየው “ሰነፍክ” አለው። ልብ በሉ፤ ድል በተፈጥሮ ከሆነ ሽንፈት ስንፍና ብቻ ይሆናል፤ ሌላ ማብራሪያ አይኖረውም። ልጁም ብስክሌቱን ጋራዥ ውስጥ ሰቅሎ ተወው።

አስመራ ተወልደው በወጣትነታቸው ብስክሌት ይወዳደሩ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉን፤ ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ያንን ብስክሌት አዩና ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

“ማነው የነፋው?” አሉ።

“እኔ ነኝ ጋሼ፤ ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ ነው” አለ አባትየው።

“የተጻፈው ከዚህ አትለፍ ለማለት እንጂ እዚህ ድረስ ንፋ ለማለት አይደለም። የደረቀ ጎማ እንደ ደረቀ ሰው ነው ልጄ፤ ይጋጫል እንጂ አያልፍም።”

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ዙሪያውን ያለ ሰው ሁሉ ስለ ደሙ ሲያወራ ስለ ጎማው የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ጎሚስታ የሚያውቀውን ያህል እንኳ ያስተማረው አላገኘም።

በአገር ደረጃም ነገሩ ያው ነው። በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩን፤ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ። ከዚያ ወዲህ ጸጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ድረስ ስልሳ ዓመት አለፈ። እርሱም የተገኘው ብስክሌት ከሚወደድባት ከመቀሌ ነው፤ ከ2020 እስከ 2022 የቆየው ጦርነት ደግሞ ያንን ምድር ምን እንዳደረገው ሁላችንም እናውቃለን። ሳንባው ዛሬም አለ። የጠፋው ትምህርቱ፣ ዕቃውና ሰላሙ ነው።

ቢንያም ሲያሸንፍ “የእኛ ነው፣ የእነሱ ነው” የሚል ሌላ ክርክርም ተነስቶ ነበር። ቢንያም ኤርትራዊ ነው፤ ነጥብ። ለመደሰት የባለቤትነት ካርታ አያስፈልግም። ከእርሱ የምንወርሰው ነገር ካለ ግን ደሙን ሳይሆን ሥራውን ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ወቅት ውድድሩን ስታዩ ሦስት ነገሮችን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፦ ድንጋዩ ሳይጀምር ፊት ያለው ማን ነው? የማን ብስክሌት ይዘላል፣ የማንስ ይንሳፈፋል? ሌሎቹ ሲተያዩ ቀድሞ የሚነሳው ማን ነው? እነዚህን ማየት የጀመረ ልጅ ሲሸነፍ ራሱን አይረግምም፤ ምን እንደጎደለው ይጠይቃል። ሲያሸንፍም ለምን እንዳሸነፈ ያውቃል።

ቸር ይግጠመን።