ትንበያ የሚጠቅመው ውሳኔ ሲከተለው ነው

አርሶ አደር ሰማዩን አይቶ እንደሚዘራ ሁሉ ዓሣ አስጋሪም ባሕሩን አይቶ መረቡን ይጥላል። ሰማዩም ሆነ ባሕሩ ልማዱን ሲለውጥ ግን በዓይን ማየት ብቻውን አይበቃም። ደቡብ አሜሪካዊቷ ፔሩ ይህን የተማረችው በከባድ ኪሳራ ነው።

በፔሩ የባሕር ዳርቻ ነፋሱ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው ሲያርቀው ከሥር ቀዝቃዛና በንጥረ ነገር የበለጸገ ውኃ ይወጣል። በዚህ ውኃ የሚራቡትን ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች አንቾቬታ የተባለው ትንሽ ዓሣ ይመገባቸዋል። አንቾቬታ ደግሞ ተፈጭቶ የዶሮና የእርባታ ዓሣ መኖ ይሆናል። ፔሩ በዓሣ ዱቄት ምርት ከዓለም ቀዳሚ ናት።

ኤልኒኖ ሲከሰት ሞቃት ውኃ ባሕሩን ስለሚሸፍነው የዓሣው ቀለብ ይመናመናል። ዓሣውም ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ደቡብ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው የአገሪቱ የአንቾቬታ ምርት፣ ከመጠን ያለፈ ማስገርና የ1972ቱ ኤልኒኖ ተደማምረው በ1973 ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ አወረዱት።

ዛሬ አሠራሩ ተለውጧል። የአገሪቱ የባሕር ምርምር ተቋም ከማስገሪያው ወቅት በፊት በመርከብ እየተዘዋወረ የዓሣውን ብዛትና ርዝመት ይለካል። ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ ኮሚቴም የባሕሩን ሙቀት እየተከታተለ ኤልኒኖን ይተነብያል። የሚሰገረው መጠን የሚወሰነው ይህ መረጃ ከቀረበ በኋላ ነው። ርዝመቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዓሣ ያልደረሰ ጫጩት ተብሎ ይጠበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ባሕሩ ሞቆ ጫጩቱ ከደረሰው ጋር በብዛት ተቀላቅሎ በመገኘቱ በዋናው የማስገሪያ ቀጣና የዓመቱ የመጀመሪያ ወቅት ተሰረዘ። ጀልባዎች ቆሙ፤ ፋብሪካዎች ሥራ ፈቱ፤ ሠራተኞች ገቢ አጡ። ውሳኔው መራራ ቢሆንም ጫጩቱ እንዲያድግ ጊዜ ሰጠ። በ2024 የመጀመሪያ ወቅት 2 ሚሊዮን 475 ሺህ ቶን እንዲሰገር ተፈቅዶ አብዛኛው ተሰገረ።

ይኸው ኤልኒኖ ለኢትዮጵያ አርሶ አደርም እንግዳ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛውን የአገሪቱ ክፍል የክረምት ዝናብ ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በተከሰተው ድርቅ ሳቢያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆኗል።

የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከየወቅቱ በፊት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ከወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ከቀረ ግን ማሳ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም። ዝናቡ ዘግይቶ እንደሚገባ ከተተነበየ ቶሎ የሚደርስ ዘር ቀድሞ ወደ ቀበሌ መድረስ አለበት። ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ካለፈ ደግሞ የጤፍና የሽምብራ ዘር መዘጋጀት ይኖርበታል። የውኃ ማቆሪያ የሚጠረገውና መኖ የሚከመረው እጥረቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ከብትም ከስቶ ዋጋው ሳይወርድ ቢሸጥ ይሻላል።

ትንበያ ሊስት ይችላል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ማሳውን ከፋፍሎ ከፊሉን ቶሎ በሚደርስ ዘር ቢሸፍን፣ ዝናቡ ቢያጥር የሚቀምሰው አያጣም፤ ቢበረክትም ብዙ አይጎዳም። የወረዳው ድርሻ ደግሞ ትንበያው በደረሰ ማግስት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ ወስኖ ለየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ማሳወቅ ነው።