ያደረ ጫትና ሥራ ፈት የዋለች በቅሎ፦ የተራራ ጉዞ ገበያ ለጨርጨር ምን ያስተምራል?

ከጭሮ (ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) እስከ በዴሳ፣ ከገለምሶ እስከ ቦኬ ያለው ነጋዴ ትርፉን የሚያውልበት መንገድ የታወቀ ነው። ወይ አይሱዙ ይገዛል፣ ወይ ቤት ይሠራል፣ ወይም ገንዘቡን መልሶ ጫትና ቡና ላይ ያውለዋል። ከዚህ ወጣ ብሎ የሚያስብ ሲገኝ ደግሞ «የእኛስ ተራራ እንደ ስሜን ተራራ እንግዳ ለምን አይጠራም? አንድ ሎጅ ብናቆምስ?» የሚል ጥያቄ ያነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሸቀጡን፣ ገዢውንና የኪሳራውን በር ማወቅ የንግድ ሀሁ ነው። የዛሬው የገበያ ገጻችን በመሪ የሚካሄድ የብዙ ቀን የተራራ ጉዞ እንደ ንግድ እንዴት እንደሚሠራ ከስሜን ተነስቶ ያስረዳል፤ ከዚያም ወደ ጨርጨር ይመለሳል።

ሸቀጡ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚሸጠው ተራራው ይመስለዋል። የሚሸጠው ግን ቀን ነው። እንግዳው በተራራው ላይ ባደረ ቁጥር መሪው፣ ጥበቃው፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ጫኙ የአንድ ቀን ሒሳብ ያገኛሉ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ጎንደር የሚመለስ ጎብኚ ፎቶግራፍ ይዞ ይሄዳል፤ ለአካባቢው የሚተወው ግን ጥቂት ነው።

ጉዞውን በቀን እንዲረዝም የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ከፍታው ራሱ ነው። በ4,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው ከ60 በመቶ ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው በአንድ ቀን ሽቅብ ቢወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል፤ ሲብስም ለሞት የሚያደርስ የሳንባና የአንጎል እብጠት ያስከትላል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ በዓለም ላይ የተለመደ ምክር ነው።

የስሜን መንገድም ለዚህ የሚመች ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ የተነሳ መንገደኛ መጀመሪያ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሳንቃበር ያድራል። ቀጥሎ 3,600 ሜትር ገደማ ወደሆኑት ግጭና ጨነቅ ያልፋል። ጊዜና ጉልበት ያለው በቧሂት በኩል ተሻግሮ ወደ አምቢቆ ይወርድና ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ደጀንን ይወጣል። ሳንባው ቀን ይጠይቃል፣ ቀኑም ገበያ ይፈጥራል።

ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል?

ይህንን በምሳሌ እንመልከት። አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን ለአምስት ቀን ወጣ እንበል። አንድ መሪ፣ አንድ የታጠቀ ስካውት፣ አንድ ምግብ አብሳይ ከአንድ ረዳት ጋር፣ ድንኳንና ስንቅ የሚሸከሙ በቅሎዎችን የሚነዱ አራት ሰዎች ያስፈልጉታል። በድምሩ ስምንት ሰው ለአምስት ቀን፣ ማለትም 40 የሰው ቀን ሥራ ተፈጠረ ማለት ነው። የበቅሎዎቹ ኪራይ ለብቻው ይታሰባል። ጉዞው ከተነሳበት ርቆ የሚያልቅ ከሆነም ጫኙ ባዶ በቅሎውን ይዞ የሚመለስበት የመልስ ቀን ይከፈላል። ይህን ሳያሰላ ዋጋ የተናገረ አዘጋጅ ኪሳራው ከራሱ ኪስ ነው።

ከዚህ በላይ ግን ሌላ ወጪ አለ፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የመኪና ኪራይ፣ የከተማ ሆቴል፣ የአስጎብኚ ድርጅቱ ትርፍና በውጭ አገር ጉዞውን የሸጠው ወኪል ኮሚሽን። እንግዳው ከከፈለው ውስጥ ትልቁ ክፍል የሚቀረው ጥቅሉ በታሰረበት ከተማ ነው። ድንኳኑ፣ የታሸገው ምግብ፣ አንዳንዴም ድንችና ሽንኩርቱ ሳይቀር ከከተማ ተጭኖ ከመጣ፣ ተራራው ሥር ያለው ገበያ ተመልካች ይሆናል። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የምንዛሪ ለውጡም ይህን ልዩነት ገሃድ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ለስሌት ያህል በ500 ዶላር የተሸጠ ጉዞ ቀድሞ 28,500 ብር ያስገባ ከነበረ፣ ዶላር 100 ብር ሲሆን 50,000 ብር ያስገባል ማለት ነው። የነዳጁና የውጭ ዕቃው ዋጋ አብሮ መውጣቱ አይካድም። ይሁንና የበቅሎ ጫኙ የቀን ዋጋ በብር ተወስኖ ባለበት ከቆየ፣ ከ21,500 ብሩ ጭማሪ ለእርሱ የሚደርሰው ነገር የለም። በዶላር የሚሸጥና በብር የሚከፈል ሥራ ውስጥ የሚገባ ሰው ይህን በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ተራ፣ ደረሰኝና ገደብ

የስሜን ገበያ እስከ ዛሬ የቆመው በውበቱ ብቻ አይደለም። ደባርቅ ላይ እንግዳው ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የመግቢያውን ይከፍላል፣ ስካውት ይመደብለታል፣ መሪና በቅሎም በየማኅበሩ በኩል በተራ ይሰጠዋል። ተራ አስከባሪ ያለው ሥራ ነው። ተራ ከሌለ አሥር ሰው አንዱን እንግዳ ይጎትታል፣ ዋጋ ይወድቃል፣ እንግዳውም ተሳቅቆ ይሄዳል። ተራ ካለ ደግሞ ወንድምና አጎት የሌለውም ድሃ በወር አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ተራራውን ይጠብቃል።

ሌሎች የአገራችን ሙከራዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። በአዳባና በዶዶላ ደን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂ.ቲ.ዜድ) ድጋፍ የፈረስ ጉዞ ሲጀመር፣ በመንገዱ ላይ አነስተኛ ማረፊያ ቤቶች ተሠርተው እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ እንዲያድር ተደርጓል። በመቄትና በላስታ ደግሞ «ተስፋ» በተባለው ፕሮግራም ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የጎጆ ማረፊያዎች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንግዳ ተቀብለዋል። በሁለቱም ቦታ የተጀመረው በትልቅ ሕንፃ ሳይሆን በትንሽ ቤትና በቁርጥ ዋጋ ነው።

ከባሕር ማዶ ደግሞ የፔሩ አንዲስ ተራሮች ይጠቀሳሉ። ወደ ማቹ ፒቹ የሚያደርሰው የአራት ቀን የኢንካ ጎዳና ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነ በር ያቋርጣል። በቀን የሚገባው ሰው መሪዎችና ተሸካሚዎች ጭምር ተቆጥረው 500 ብቻ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ እንግዶቹ 200 ገደማ ናቸው። ፈቃድ በሌለው አዘጋጅ መሄድ አይቻልም። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ መንገዱ ለጥገና ይዘጋል። አንድ ተሸካሚ የሚሸከመውም በሕግ ተወስኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሕግ በ20 ኪሎ ገድቦታል። ውጤቱ ምንድን ነው? ቦታው ከወራት በፊት ያልቃል። አቅርቦቱ ስለተገደበ ዋጋው አይወድቅም።

ያደረ ጫት

የጫት ነጋዴ ይህን ንግድ ከማንም በላይ ይረዳዋል። ጠዋት የተቆረጠ ጫት በዕለቱ ገዢ ጋ ካልደረሰ ያደረ ይባላል፤ ዋጋውም ይሞታል። የተራራ ጉዞም እንዲሁ ነው። ሥራ ፈት የዋለች በቅሎ የዛሬን ቀን ነገ ልትሸጠው አትችልም፤ ገብስና ድርቆሽ ግን ዛሬም ትበላለች። ባዶ ያደረ አልጋም ወደ መጋዘን አይገባም።

ሎጅ ለሚያስብ ባለሀብት ስሌቱ ከዚህ ይነሳል። አሥር ክፍል ያለው ሎጅ በዓመት 3,650 የክፍል አዳር አለው። በስሜን ዓይነተኛው የጉዞ ወቅት ከኦክቶበር እስከ ማርች፣ 180 ሌሊት ገደማ ነው። በወቅቱ ውስጥ ግማሹ ክፍል ተያዘ ብንል 900 አዳር ይሸጣል፤ ይህም ከዓመቱ አቅም ሩቡ ብቻ ነው። የባንክ ወለድ ግን 365ቱንም ቀን ይቆጥራል።

ይህ በሰላም ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ኮሮና በረራውን አቆመ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ በ2021ም ውጊያው እስከ ሰሜን ጎንደር ደርሶ ነበር። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መጣ። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ተራራው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ገዢው ግን ጠፋ። በቅሎ ጫኙ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ሎጅ የሠራው ባለሀብት ግን የሚመለስበት የለውም። ምዕራብ ሐረርጌም ከዚህ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ የተፈጠረው ግጭት ብዙ ሰው እንዳፈናቀለ ነጋዴው አይረሳውም።

ጨርጨር ምን አለው?

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። ጨርጨር ከፍታ ሊሸጥ አይችልም። ራስ ደጀንና 4,377 ሜትር የሆነው የባሌው ቱሉ ዲምቱ ባሉበት አገር፣ 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርስ ተራራ የስምንት ቀን መንገደኛ አይጠራም። ሌላ ሸቀጥ ግን አለው።

አንደኛው የደጋ አጋዘን ነው። በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው፣ ኒያላ በሚል ስሙም ሲጋራና ኢንሹራንስ የተጠራበት ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አይገኝም። ከጭሮ በስተደቡብ ምሥራቅ በኩኒ አካባቢ ያለው የኩኒ ሙክታር መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው ለእርሱ ሲባል ነበር። በሥርዓት ለውጡ ጊዜ ግን አደንና የደን ምንጠራ ክፉኛ ጎድቶታል። እንስሳው ከሌለ ሸቀጡም የለም። የስሜን ፓርክም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በግጦሽና በእርሻ መስፋፋት፣ በዋልያም መመናመን ምክንያት በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ስም ለማደስ 21 ዓመት ፈጅቷል።

ሁለተኛው ሸቀጥ መንገዱ ነው። ከአዋሽ ፓርክ ወደ ሐረር የሚሄድ ጎብኚ በጭሮ በኩል ያልፋል፤ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘውም እንዲሁ። ገዢው በደጃፍ እያለፈ ነው። የጎደለው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት የሚያስቆመው ምክንያት ነው። ደን፣ የቡናና የጫት እርከን፣ የኢቱ ኦሮሞ ጥንታዊ መሰብሰቢያ የሆነው ኦዳ ቡልቱም፣ በሌላ አቅጣጫም የአሰቦት ሥላሴ ገዳም፤ እነዚህን በእግር የሚያያይዝ የሁለት ሌሊት ጉዞ ከራስ ደጀን ጋር ሳይፎካከር የራሱን ገዢ ሊያገኝ ይችላል። ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ ተራራ የሚወጡት የከተማ ወጣቶችም ዶላር ባይይዙም የአውሮፕላን ቲኬት አይጠብቁም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ፈቃድ ይቅደም። መጠለያው የመንግሥት ጥበቃ ያለበት ነው፤ ኦዳው የአባ ገዳዎችና የሽማግሌዎች፣ አሰቦትም የገዳሙ ነው። ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መንገድ መሸጥ የሰው በሬ መሸጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ከቤት በፊት ተራ ይሠራ። የመሪዎችና የጫኞች ማኅበር፣ ቁርጥ ዋጋና ደረሰኝ ይኑር። ለዚህ የሚጠፋው ገንዘብ ከአንድ የሎጅ ክፍል ዋጋ አይበልጥም። ደላላውም እንግዳ ባመጣ ቁጥር የታወቀ ድርሻ ይኑረው፤ ያልታወቀው ድርሻ ነው ገበያ የሚያፈርሰው።

ሦስተኛ፣ ስንቁ ከአካባቢው ይገዛ። ከዋናው መንገድ ወጣ ያለችው የቦኬ ነጋዴ ሎጅ መሥራት አይጠበቅባትም። ቡናውን፣ ማሩን፣ ፍየሉንና የጭነት አህያውን ማቅረብ ከቻለች፣ እንግዳ ቢቀር ሁሉንም በገበያዋ መልሳ ትሸጠዋለች። እንግዳ ሲቀር ወደ ሌላ ሥራ የሚዞር ሀብት በዚህ ንግድ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ መድን ነው።

አራተኛ፣ በድንኳን አንድ ሙሉ ወቅት ይሞከር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተው የስሜኑ ሊማሊሞ ሎጅ መሥራቾች መካከል በአካባቢው በአስጎብኚነት የሠሩ ሰዎች ይገኙበታል፤ ገዢውን በእግራቸው ካወቁት በኋላ ነው ድንጋይ የደረደሩት። በድንኳን ያልተሸጠ ሌሊት በግንብ አይሸጥም።