የካቴተር ሽፋን ሲቀየር

ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ አንገቱ ሥር ወይም ክንዱ ላይ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስተር የተሸፈነ ቱቦ (ካቴተር) ሳታዩ አትቀሩም። ጫፉ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ? ልብ አጠገብ ካለው ትልቁ ደም ሥር! ስለዚህ ቆዳችን ላይ በሰላም የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቱቦውን ተከትለው ደም ውስጥ ከገቡ ሕይወት የሚያሳጣ ኢንፌክሽን ሊያስነሡ ይችላሉ። ሽፋኑን የምትቀይረው ነርስ የምትጠብቀው ይህንን በር ነው።

ነርሷ እጇን አጽድታ ማስክ ታደርጋለች። ታካሚውም ማስክ ያደርጋል፣ አለዚያ ፊቱን ወደ ሌላ ጎን ያዞራል፤ ትንፋሽም ጀርም ይዞ ይመጣልና። አሮጌውን ሽፋን በተራ ጓንት ታነሣለች፤ ከዚያ ጓንቱን አውልቃ፣ እጇን እንደገና አጽድታ፣ ስቴራይል ጓንት ታጠልቃለች።

አነሣሡን ልብ በሉልኝ። በአንድ እጇ ቱቦውን ደግፋ ይዛ፣ ፕላስተሩን ከዳር ጀምራ ቱቦው ወደ ገባበት ቀዳዳ አቅጣጫ ቀስ እያለች ትልጠዋለች። ወደ ሌላው አቅጣጫ ብትስበው ቱቦው አብሮ ሊወጣ ይችላል። ቦታው ቀልቶ፣ አብጦ ወይም መግል ቋጥሮ እንደሆነም ታያለች።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ክሎርሄክሲዲን ባለበት አልኮል ቆዳውን ወዲያና ወዲህ እያደረገች 30 ሰከንድ ያህል ታሻለች። ከዚያስ? ትጠብቃለች! እፍ አትልም፣ አታራግብም፣ በጎዝ አትጠርግም። መድኃኒቱ ጀርሙን ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል፤ እፍታና ማራገብ ደግሞ አዲስ ጀርም ያመጣሉ። ሳይደርቅ ከተሸፈነ ቆዳው ይቆጣል፣ ፕላስተሩም በደንብ አይይዝም። ለእኔ የባለሙያ እጅ የሚለየው እዚህ ትዕግሥት ላይ ነው።

ብርሃን አሳላፊው ሽፋን ቢበዛ 7 ቀን ይቆያል፤ ጎዝ ከሆነ ግን በ2 ቀን ይቀየራል። ከረጠበ፣ ከቆሸሸ ወይም ዳሩ ከተላቀቀ ቀን አይቆጠርለትም፤ ወዲያው ይነሣል። የተቀየረበት ቀንም ላዩ ላይ ይጻፋል።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ፍሬ እንዳለው በአሜሪካ ሚሺጋን ታይቷል። ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 5 ቀላል ልማዶችን በመከተላቸው የካቴተር ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀንሷል። እጅ መታጠብና በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት ከ5ቱ ውስጥ ናቸው፤ የማያስፈልግ ካቴተርን ማውጣትም እንዲሁ።

እናንተም አስታማሚ ስትሆኑ የተላቀቀ ሽፋን ላይ ሌላ ፕላስተር ደርባችሁ አትለጥፉ፤ ነርሷን ጥሩ። ታካሚው ካተኮሰው ወይም ብርድ ብርድ ካለው ደግሞ ሳታዘገዩ ተናገሩ።