የፎገራ ጥላና ካላዛር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ወረታ ላይ ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ርብና ጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ደለል የሚያለብሱት የፎገራ የሩዝ ሜዳ ይጀምራል። በበጋ ቀትር እረኛውም ገበሬውም የሚጠለለው አልፎ አልፎ ከቆመ ግራር ሥር ነው። ዛፍ ለጤና ይበጃል ቢባል ለዚህ ሰው ማስረጃ አያሻውም።

ይሁንና በ1997 ዓ.ም. በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ካላዛር ተነሣ፤ ፎገራንም ነካ። በአካባቢው የማይታወቅ በሽታ ስለነበር መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተጠረጠረ። ለቀን ሥራ ሑመራና መተማ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት አልቀሩም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት 171 ታማሚዎችን ካልታመሙ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ ሦስት ነገሮች አገኘ፤ ውሻ ማሳደግ፣ ሌሊት ደጅ መተኛት፣ ቀን ከግራር ሥር ማሸለብ። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ዋልካው ደርቆ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ትደበቃለች፤ ግራር ያለበትንም ቦታ ትመርጣለች።

ታዲያ ግራሩ ይቆረጥ? በፍጹም። በጥናቱ ከተካተቱት መካከል አጎበር የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። የቀኑን እንቅልፍ አጎበር አይከልለውም፣ እውነት ነው። ከተማ ውስጥ የሚተከል ጥላ ግን ከተሰነጠቀ ማሳ ሊርቅ ይችላል፤ የወረታ አውቶቡስ መናኸሪያና ጤና ጣቢያ የሚያሻቸው ይኸው ነው።

የዛፍን ጥቅም ሲያስረዱ ብዙዎች የሚጠቅሱት ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመውን ጥናት ነው። በፔንስልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 46 ሕሙማን፣ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት የጡብ ግድግዳ ካዩት ቀድመው ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ለእኛም ይሠራል። የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በቅጥራቸው ያቆዩት ወይራና ዋንዛም ደጀ ሰላም ለሚያርፍ ምእመን ከዚያ መስኮት አያንስም።

በፎገራ ያለው የሸሸርና የወላላ ረግረግ ጉዳይም እንደ ግራሩ ነው። ትንኝ ያረባል ተብሎ ይጠላል፤ ለእርሻ ሲጠነፈፍ ደግሞ ጎርፍ የሚያርፍበት ሜዳ ይጠብባል። ፎገራ በ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ አይቷል።

እናንተ የሜዳው ሰዎች፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆድ በግራ በኩል ካበጠ ወይም ሰውነት ከመነመነ፣ ወባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ጤና ተቋም ሄዳችሁ የካላዛር ምርመራ ጠይቁ።